«የት አገር ነው የሚሄደው?» ብላ የምትጠይቅ ባልትና ቤት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ስላለች አንዲት ባልትና ቤት ነው የምጽፈው። ከመሃል ከተማ ለሚነሳ ሰው ሩቅ ናት። ለቤት የሚሆን በርበሬ ብቻ ከፈለጋችሁ እዚያ ድረስ አትልፉ፣ ሾላም መርካቶም ሞልቷል። ውጭ አገር የሚሄድ ዘመድ ካላችሁ ወይም ራሳችሁ ሻንጣ እያዘጋጃችሁ ከሆነ ግን የታክሲውን ሰልፍ ችላችሁ ሂዱ። ባለቤቷ ሚዛኑን ከመንካቷ በፊት «የት አገር ነው የሚሄደው?» ትላለች። መልሱን ሳትሰማ አትመዝንም።

የቤቱን ስም አልጽፍም። የምወቅሳቸው ነገር ስላለ በስም ማንሳቱ ደስ አላለኝም። ሰፈር ውስጥ ገብታችሁ «የውጭ የምታሽገዋ» ብትሉ ያሳዩአችኋል።

ጥያቄዋ ተራ ጥያቄ ይመስላል። እኛ ሻንጣ ስናዘጋጅ የሚያስጨንቀን ግን ኪሎ ነው። ባለ 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ፣ አንድ የእጅ ቦርሳ፣ ከዚያ ማውጣት ማስገባት፣ «ጫማውን አውጪውና ሽሮውን ጨምሪበት» መባባል። ስለሚገባበት አገር ሕግ የሚያነሳ ሰው ብዙም የለም። ሕጉን የምንሰማው ደርሰን ሻንጣው ጠረጴዛ ላይ ከተዘረገፈ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ እናት ስታደርቀው የከረመችው ቋንጣ ጓንት ባጠለቀ ሰው እጅ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲገባ ቆሞ ማየት ነው።

ቤቷ ጠባብ ናት። ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው በር ላይ ይቆማል። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ምጥን ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተቆላ ቡና፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ሁሉም አለ። ከሚዛኑ በላይ ግድግዳው ላይ በእጅ የተጻፉ ወረቀቶች ተለጥፈዋል፤ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝ፣ አውሮፓ፣ ዓረብ አገር ይላሉ። እያንዳንዳቸው ሥር የሚያልፍና የማያልፍ ነገር ተዘርዝሯል። አንዳንዱ መስመር ተሰርዞ በሌላ ቀለም ታርሟል። ከየት እንዳመጣችው ስጠይቃት «ከደንበኛ ነዋ! የተወሰደበት ሰው ደውሎ ይነግረኛል። ልጄ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ያየውን ያመጣልኛል» አለችኝ።

ወረፋ ስጠብቅ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት ትልቅ እናት ጀርመን የወለደች ልጃቸውን ሊያርሱ ይሄዳሉ። ንጥር ቅቤ በጣሳ ይዘው መጥተዋል፣ እንድታሽግላቸው።

«እማማ፣ ጀርመን ከሆነ ቅቤውን ይተዉት።»

«ለአራስ እኮ ነው ልጄ! የገንፎ ቅቤ እዚያ ከየት ይመጣል?»

«አውቃለሁ እማማ። ለአራስም ቢሆን አያስገቡትም። እዚያው ቅቤ ገዝተው ያንጥሩላት፣ ኮሰረቱንና ኮረሪማውን እኔ አሽግልዎታለሁ።»

«ማር ውስጥ ብደብቀውስ?»

«ያኔ ማሩንም ይወስዱብዎታል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ። ቅቤው ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሴትዮዋ ዝም ብላ አሽጋ የማሸጊያዋን ብር መቀበል ትችል ነበር። ማንም አይወቅሳትም፣ ጣጣው የሚመጣው ፍራንክፈርት ላይ ነው። ለዚህ ለዚህ ነው ቤቷን የወደድኩት።

ደግሞም ልክ ናት። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች እንደኛ ካለ አገር ከሚመጣ መንገደኛ ሥጋና ወተት፣ ከሥጋና ከወተት የተሠራም ነገር፣ አይቀበሉም። ትንሽ ነው፣ ለራሴ ነው፣ ስጦታ ነው ማለት አያዋጣም። ቋንጣ የለም፣ ቅቤ የለም፣ አይብ የለም። ማር ይፈቀዳል፣ ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ። ወረቀቷ ላይ ይቺ 2 ቁጥር በቀይ ተከባለች፣ ምክንያቱም የእኛ ሰው ማር ሲወስድ በጣሳ ካልሆነ የወሰደ አይመስለውም። አትክልትና ፍራፍሬ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2019 ጀምሮ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠይቃሉ። ከዚህ ነፃ የሆኑት አምስት ናቸው፤ ሙዝ፣ አናናስ፣ ኮኮናት፣ ተምር፣ እና እኛ አገር የሌለ ዱሪያን የሚባል ፍሬ። ማንጎው፣ ብርቱካኑ፣ ቃሪያው፣ ከጓሮ የተቀነጠሰው እርጥብ ጤና አዳም ያለ ወረቀት አይገባም። የደረቀና የተፈጨ ቅመም ላይ ያን ያህል ጣጣ የለም።

«ምን ይፈልጉብናል፣ ቅቤ መርዝ ነው እንዴ?» የሚል ሰው ብዙ ነው፣ እዚያው ሰልፍ ላይም ሰምቻለሁ። ነገሩ የሚያያዘው ከከብት በሽታ ጋር ነው። አፍተግር የሚባለው በሽታ እኛ አገር አለ፣ ሰው ላይ ብዙም ጉዳት የለውም፣ ከብት ላይ ግን በፍጥነት ይዛመታል፣ በሥጋና በወተትም ይጓዛል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2001 ይሄ በሽታ ገብቶባት ከ6 ሚሊዮን በላይ ከብት፣ በግና አሳማ አርዳለች። መነሻው አንድ የአሳማ እርባታ ውስጥ በደንብ ሳይቀቀል የተሰጠ የምግብ ትራፊ ነው ተባለ፣ በሕገወጥ መንገድ የገባ ሥጋ ሳይኖርበት አይቀርም የሚል ጥርጣሬ ነው ያለው። እንግዲህ በእነሱ ዓይን ሻንጣችን ውስጥ ያለችው አንድ ዘለላ ቋንጣ ይቺን ነው የምታስታውሰው። እንግሊዝ ዛሬ ከአውሮፓ ኅብረት ብትወጣም ከእኛ የሚሄድ ሥጋና ወተት ላይ ሕጉ ያው ነው።

የአሜሪካው ወረቀት ረጅሙ ነው፣ የደንበኛዋ ብዛትም ከዚያው ይመስለኛል። እዚያም ቋንጣ አይገባም፣ ምክንያቱ ያው አፍተግር ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶ፣ የተቆላ ቡና ይገባል። አሜሪካ ላይ ዋናው ነገር ግን ምን ያዝክ ሳይሆን ተናገርክ ወይ ነው። ምግብ ይዘሃል ወይ ተብለህ «የለም» ካልክና ሻንጣው ውስጥ ከተገኘ እስከ 10,000 ዶላር የሚደርስ ቅጣት ሊመጣ እንደሚችል የአገሪቱ ጉምሩክና ድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ራሱ ያስጠነቅቃል። «አዎ፣ ምግብ ይዣለሁ» ብለህ ከተናገርክ ግን የማይፈቀደውን ይወስዱታል፣ አንተን አይቀጡህም። ልዩነቱ የአንዲት ቃል ነው። ሴትዮዋ ይሄን ለእያንዳንዱ የአሜሪካ መንገደኛ ዕቃውን ስትሰጥ ትናገራለች፣ በተለይ እንግሊዝኛ ለማይችሉ እናቶች «ፉድ፣ የስ፣ ፉድ» በሉ እያለች ታለማምዳቸዋለች። ይሄን ሳይ ሳቄ መጣ፣ ግን ከብዙ የጉዞ ወኪል የተሻለ ምክር ነው። ካናዳም መናገር ግዴታ ነው፣ ያልተናገረ እስከ 1,300 የካናዳ ዶላር ሊቀጣ ይችላል።

ጥሬ ቡና የሚጠይቋት ሰዎች አሉ፣ እዚያ ቆልተን እንጠጣለን እያሉ። እሷ የተቆላ ብቻ ነው የምትሸጠው። ጥሬው ከእኛ አገር ሲወጣም የራሱ ጣጣ አለው፣ በአሜሪካ በኩልም ሃዋይና ፖርቶ ሪኮ ጥሬ ቡና አያስገቡም፣ ራሳቸው ቡና አምራች ስለሆኑ በሽታና ተባይ ይፈራሉ። የተቆላው ግን የትም ይገባል ማለት ይቻላል፣ ሽታውም ሻንጣውን ያውደዋል።

ይቺን ደግሞ ብዙ ሰው አያውቃትም። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2018 ጀምሮ ወደ አሜሪካ በሚበር አውሮፕላን በእጅ ቦርሳ የሚያዝ ዱቄት ነገር ከ350 ሚሊ ሊትር ካለፈ ተጨማሪ ፍተሻ አለው፣ ፈታሹ ካልተማመነበት አውሮፕላን ውስጥ አይገባም። 350 ሚሊ ማለት አንድ የለስላሳ ቆርቆሮ ገደማ ነው። በርበሬ ዱቄት ነው። ሽሮ ዱቄት ነው። በሶም። ሻንጣው ኪሎ ሲሞላ «በእጄ እይዘዋለሁ» ብሎ በርበሬውን ቦርሳ ውስጥ መወርወር የለመድነው ዘዴ ነው፣ ለአሜሪካ መንገደኛ ግን አይሠራም። ይሄንን ሱቋ ውስጥ ማንም አልነገረኝም፣ ወረቀቱም ላይ የለም። መጨመር አለባቸው።

ወቀሳው እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል። ማሸጊያው ላይ የሚሠራው ልጅ ጎበዝ ነው፣ እጁ ፈጣን ነው፣ ግን አፉ ከእጁ ይቀድማል። «ቫኪዩም ከሆነ ያልፋል» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ያውም ለቋንጣ። አያልፍም! ቫኪዩም ማድረግ፣ ማለት አየሩን መጥጦ ማሸግ፣ በርበሬው እንዳይፈስ፣ ልብስ እንዳያቀልም፣ ሽታው እንዳይወጣ ይጠቅማል፣ ሕግ ግን አይቀይርም። የውሻም አፍንጫ አይዘጋም። አሜሪካኖቹ ቢግል የሚባሉትን ጆሮ ረጃጅም ትናንሽ ውሾች እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ኤርፖርት ላይ ምግብና ተክል እንዲያሸቱ አሠልጥነው ያሠማራሉ። ውሻዋ መጥታ ሻንጣችሁ አጠገብ ቁጭ ካለች አለቀ። ባለቤቷ ልጁን ብትቆጣው ደስ ይለኛል፣ እሷ «አይሆንም» ያለችውን እሱ በጎን «ይሆናል» ካለ የቤቱ መልካም ስም ምን ሊሆን ነው?

ማሸጊያው ራሱ ግን ደህና ነው። በሁለት ድርብ ይዘጋል፣ ውስጡ በግልጽ በሚታይ ላስቲክ ነው። ጥቁር ፌስታል ላይ ፌስታል ደራርቦ በፕላስተር መጠፍነግ ልማዳችን ነው፣ ፈታሹ ግን የማያየውን ነገር ይቀደዋል። እዚህ ቤት እያንዳንዱ ጥቅል ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስቲከር ይለጠፍበታል። ሽሮው ላይ ሽምብራ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላ ምናምን ተብሎ ተዘርዝሯል። ጥሩ ነው። ሚጥሚጣው ላይ ግን «ስፓይስ» ብቻ ነው የሚለው፣ የተዘጋጀበት ቀንም የትኛውም ላይ የለም። ቀይ ዱቄት ይዞ «ስፓይስ» ብቻ ማለት ለፈታሽ ጥያቄ መጋበዝ ነው። ደግሞ ፈጣን ሽሮ ብለው የሚሸጡት ውስጥ ቅቤ ካለ ለአውሮፓ መንገደኛ መናገር አለባቸው። ስጠይቅ «የለበትም፣ በዘይት ነው» ተባልኩ። ይሁን። ግን ስቲከሩ ላይ ይጻፉት።

መጠን ላይ ጥሩ ጥያቄ ትጠይቃለች። አንድ ጎልማሳ ሰው ሙሉ ሻንጣ በርበሬ ሊያስጭን ሲል «ለቤት ነው ለሬስቶራንት?» አለችው። ሰውየው ለመመለስ ቅር አለው። ጥያቄው ግን ቁም ነገር አለው። አሜሪካ ውስጥ መንገደኛ ለራሱና ለቤተሰቡ የያዘው ምግብ ቀለል ያለ ነገር ነው፣ ለሽያጭ የሚገባ ምግብ ግን ቀድሞ ለአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መታወቅ አለበት፣ በሻንጣ ተጨምቆ የሚገባ አይደለም። 40 ኪሎ በርበሬ ይዞ «ለራሴ ነው» ቢባል ማን ያምናል? እኛ እንኳ በዓመት ያን ያህል አንበላም።

አውስትራሊያ ላይ ግን ቤቱ ደካማ ነው። ለአውስትራሊያ ወረቀት የላቸውም። ከሁሉም አገር ጥብቅ ከሆኑት አንዷ ደግሞ እሷ ናት። የማይናገር ሰው እዚያው ይቀጣል፣ ቪዛውም ሊሰረዝበት ይችላል። ካፕራ የሚባል የእህል ነቀዝ እንዳይገባባቸው ብለው እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ሽምብራ፣ ምስር፣ ዛላ በርበሬ፣ ድንብላልና የመሳሰሉ ፍሬዎች በመንገደኛ ሻንጣ እንዳይገቡ ከልክለዋል። ሱቋ ግን «የመንገደኛ ጥቅል» የምትለው አንድ ዓይነት ስብስብ አላት፣ ለሁሉም አገር ያው ነው፣ ውስጡ ድፍን ምስርና ዛላ በርበሬ አለበት። ለዋሽንግተን መንገደኛ የተዘጋጀ ጥቅል ሜልበርን ሲደርስ ግማሹ እዚያው ይቀራል። ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ ጥቅሉን ተዉትና አንድ በአንድ ምረጡ፣ የያዛችሁትንም ሁሉ ካርዱ ላይ ሞልታችሁ ተናገሩ። ከሣር የተሰፋ መሶብም መናገር ያስፈልገዋል፣ ሣሩ ውስጥ ተባይ እንዳለና እንደሌለ ያያሉ።

ሌላው በጣም የወደድኩት ሕግ በሩ ላይ የተጻፈው ነው፤ «ሌላ ቦታ ታሽጎ የመጣ ዕቃ አናሽግም»። መጀመሪያ ንፉግነት መሰለኝ፣ ኋላ ነው የገባኝ። አደራ ነው ነገሩ። ወደ ውጭ ልትሄድ መሆኑ ከተሰማ ጎረቤቱ ሁሉ ፌስታል ይዞ ይመጣል። «ለልጄ ትንሽ ሽሮ ናት፣ ምንም አትከብድም።» እንቢ ማለት ነውር ነው፣ ከፍቶ ማየት ደግሞ ከነውርም በላይ። ጉምሩክ ፊት ግን አደራ የሚባል ነገር የለም፣ ሻንጣው የማን ነው ነው ጥያቄው። ሻንጣውን የያዘው ይጠየቃል። ሽሮ የተባለው ሽሮ ከሆነ ደህና። የደረቀ ጫት ሻይ ቅጠል ተብሎ ተሰጥቷችሁ ከሆነስ? ጫት እዚህ በየጉልቱ ይሸጣል፣ እንግሊዝ ግን እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2014 ጀምሮ እንደ አደንዛዥ ዕፅ መድባዋለች፣ ሆላንድ በ2013 ከልክላዋለች፣ አሜሪካም ሕገወጥ ነው፣ ሳዑዲን የመሳሰሉ የባሕረ ሰላጤው ዓረብ አገሮች ጋ ደግሞ ወሬውም አይነሳ። እንደዚህ ዓይነት ነገር ቅመም እንደመነጠቅ ቀላል አይደለም፣ እስር አለው።

ስለዚህ አሁን አደራ የሚሰጠኝን ሰው እዚህ ቤት እልካለሁ። «እዚያ ሄደሽ ግዥና አሳሽገሽ አምጪልኝ፣ ከዚያ እወስድልሻለሁ» እላለሁ። እንቢ እንዳልል ጥሩ መውጫ ሆኖኛል፣ ነውሩም ቀረ። የተቀየመ ሰው የለም ማለቴ አይደለም፣ አክስቴ እስካሁን ታኮርፋለች፣ የእሷን ቅመም በሱቅ ቅመም ቀየርሽብኝ ብላ።

የባልትናው ጣዕም? ሽሮው በጣም ጥሩ ነው፣ ሽታው ከላስቲኩ ሲወጣ ያስታውቃል። በርበሬው ቀለሙ ያማረ ነው፣ ለእኔ ግን ጨው በዝቶበታል። ዳቦ ቆሎው ደረቅ ነው፣ ጥርስ ያለው ይብላው። ድርቆሹ ግን አንደኛ፣ ሳይፈረፈር ይደርሳል። በሶውን አልሞከርኩትም።

ዋጋ ከመርካቶ ይወደዳል። ቁጥሩን አልጽፍም፣ ይሄን እስክታነቡት ተቀይሮ ይሆናል። ማሸጊያው በኪሎ ሳይሆን በጥቅል ስለሚታሰብ ትንንሽ ጥቅል ካበዛችሁ ያስወጣችኋል። ግማሽ ግማሽ ኪሎ ከማድረግ አንድ አንድ ኪሎ አድርጉት። ቴሌብር ይቀበላሉ። ደረሰኝ ሲጠየቁ ይሰጣሉ፣ ጠይቁ። የበርበሬ ዋጋ ብቻውን ምንም አይደለም፣ ግን ሻንጣው ውስጥ የሐበሻ ቀሚስም ስጦታም ከተደራረበ የአውሮፓ ኅብረት በአውሮፕላን ለሚገባ መንገደኛ ከቀረጥ ነፃ የሚፈቅደው እስከ 430 ዩሮ ነው፣ የእንግሊዝ ደግሞ 390 ፓውንድ። ለሠርግ አሥር ቀሚስ ይዞ የሚሄድ ሰው ይቺን ያስባት፣ ደረሰኙንም ይያዝ።

ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ሰልፉ መንገድ ድረስ ይወጣል፣ ቅዳሜ ደግሞ አይሞከርም። መብራት ከጠፋ ማሸጊያ ማሽኑ አይሠራም፣ ጄኔሬተር የላቸውም። በረራችሁ በዚያው ሌሊት ከሆነ በዚህች ሱቅ አትተማመኑ፣ ቀደም ብላችሁ ደውሉና መብራት መኖሩን ጠይቁ። ስልኩን የሚያነሳው ያው የማሸጊያው ልጅ ነው። ስለ መብራቱ እመኑት፣ ስለ ቋንጣው አትጠይቁት።